«ውስን ክፍተት» ያልኩት ግንብ

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ከተማችን የታችኛው ክፍል፣ ወደ ሲቀላ ወርጄ ጫማዬን ለሰፊ ሰጠሁና፣ አጠገቡ ካለች ትንሽ ሻይ ቤት ተቀምጬ ስጠብቅ ቴሌቪዥኑ ላይ የማውቀው ግንብ መጣ። ሙሉ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው ባሕር ማዶ በተካሄደ የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ቆሞ ይናገራል። ከበስተኋላው ባለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ የምዕራብ ዓባያው የጎርፍ መከላከያ ግንብ ፎቶ ይታያል። ድንጋዩ ገና ነጭ ነው፣ ከጎኑ ያለው ሙዝ ለምልሟል። ሰውየው «ማኅበረሰቡ ዛሬ ከጎርፍ ስጋት ነጻ ሆኖ ይኖራል» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ያ ግንብ የለም። ከፈረሰ ሁለት ዓመት አልፎታል። መፍረሱን ከሚያውቁት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ፤ ከመፍረሱ በፊት እንደሚፈርስ ከሰሙትም አንዷ እኔ ነኝ።

«ምነው እትዬ፣ አመመዎት?» አለችኝ አስተናጋጇ።

«አይ፣ ደህና ነኝ» አልኳት። ደህና አልነበርኩም። ጫማዬን ሳልቀበል ሚኒባስ ተሳፍሬ ቤቴ ወዳለበት ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ወደ ሴቻ ወጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው ይህን የምጽፈው።

ሥራዬ ምን እንደነበር ልናገር። አባቴ ከሰሜን ተመድበው ጨንቻ የመጡ መምህር ነበሩ። እኔ ጋምኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት፣ አማርኛን ደግሞ ከአባቴ አርጩሜ ተማርኩ። ሁለቱም ቋንቋዎች ኋላ እንጀራዬ ሆኑ። በምክር ቤት ውስጥ በውጭ እርዳታ የሚሠሩ ሥራዎችን የሚከታተል ቋሚ ኮሚቴ ነበር፤ የእርዳታ ፕሮጀክቶችን፣ ከውጭ መንግሥታት የሚሰጡ የትምህርት ዕድሎችን፣ በኋላም የአየር ንብረት ሥራዎችን ይመረምራል። አባላቱ ይመረጣሉ፣ ይሄዳሉ። እኔ ግን እዚያው ነኝ። መስክ አብሬያቸው እወጣለሁ፣ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ሪፖርቱን እጽፋለሁ። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ስለሱ የማወራው ይህን ያህል ብቻ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ጳውሎስ ናቸው። የኮሚቴው ከፍተኛ ባለሙያ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ የጋሞ ሰው። በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ስለሆኑ ቢሮ ውስጥ የሚቀልድባቸው አልጠፋም። እሳቸው ግን ቀልዱንም ቀላጁንም ከቁም ነገር አይቆጥሩም።

መስክ ስንወጣ መኪናው ፕሮጀክቱ ደጃፍ እንዲደርስ አይፈቅዱም። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር «አቁም» ይላሉ ሾፌሩን። ከዚያ በእግር ነው። መጀመሪያ የገረመኝ ይኼ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «መኪናው የሚደርስበት ቦታ ተጠርጓል» አሉኝ። «ያልተጠረገውን ማየት ከፈለግሽ ባልተጠረገው በኩል ግቢ።»

የሚመረመረው መሥሪያ ቤት ያዘጋጀውን ምሳ አይበሉም። ባለቤታቸው ከበቆሎ ዱቄትና ከሀለኮ፣ ከሽፈራው ቅጠል የሠሩትን ኩርኩፋ በፌስታል ይዘው ይመጡና ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ይበላሉ። አባላቱ ከአዳራሽ ጥብስ ሲበሉ እኔ ከጋሽ ጳውሎስ ጋር ዛፍ ሥር ነኝ። መንገደኛው እኛ ጋ ይቆማል፣ ሰላም ይላል፣ ጨዋታ ይጀምራል። ከስብሰባው ይልቅ ብዙ ነገር የሰማነው እዚያ ነው።

ማስታወሻ ደብተራቸው በመሐል መስመር የተከፈለ ነው። በስተግራ «ያየሁት»፣ በስተቀኝ «የተነገረኝ»። አንድ ቀን እኔ ሁለቱን ቀላቅዬ ጽፌ ሳሳያቸው ገጹን ቀድደው መለሱልኝ፤ አልተቆጡም። «ጥያቄውን በአማርኛ ጠይቀሽ መልሱን በአማርኛ ከሰማሽ፣ ያነጋገርሽው አስተርጓሚውን ነው» ያሉኝም ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ገበሬን ያለ አስተርጓሚ በጋምኛ አነጋግራለሁ።

የሪፖርት አማርኛን ግን ከምንም በላይ ይጠሉ ነበር። «ተገንብቷል» ብዬ ከጻፍኩ «ማን ገነባው?» ይላሉ። «ታቅዷል» ካልኩ «ማን አቀደ?» ይላሉ። «አበረታች ነው» የሚል ቃል ካገኙ በቀይ እስክርቢቶ ሰርዘው ከጎኑ «ማንን?» ብለው ይጽፋሉ። ያኔ የቃላት ጣጣ መስሎኝ ነበር። ዛሬ የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ እያንዳንዷን ቀይ መስመር በፍሬም አድርጌ ግድግዳ ላይ እሰቅል ነበር።

ጋሽ ጳውሎስ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት ሲቀራቸው የገጠመን ጉዳይ የትምህርት ዕድል ነበር። አንድ የውጭ መንግሥት በተፋሰስ ሙያ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያስተምራቸው ሁለት ሰዎች ከአካባቢያችን እንዲላኩለት ጠየቀ። መስፈርቱ ግልጽ ነው፤ በገጠር ቀበሌ አምስት ዓመት የሠራ ባለሙያ። የተመረጡት ሁለት ሰዎች ስም ለኮሚቴው ደረሰ። ወዲያው ደግሞ ከገረሴ አንዲት የልማት ሠራተኛ በእጅ የጻፈችው የአቤቱታ ደብዳቤ መጣ። ስሟ ምሕረት ይባላል። «ማስታወቂያው የደረሰን ምዝገባው ካለፈ በኋላ ነው» ትላለች። ከዚህ ሌላ አንድም ቃል አልጨመረችም።

ገረሴ ወጣን። ምሕረት ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ወጣት ናት። ጋሽ ጳውሎስ ስለ አቤቱታዋ ሳይሆን ስለ ሥራዋ ጠየቋት። ከጓዳ አንድ የተጣጠፈ ደብተር አወጣች። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው፣ የጣለውን ዝናብ ለክታ ጽፋለች። እሑድም በዓልም አልቀረም።

«ማን አዘዘሽ?» አሏት።

«ማንም። ከላይ የሚዘንበው ታች ያሉትን ነው የሚገድለው። እኔ ከላይ ነኝ።»

ጋሽ ጳውሎስ ደብተሩን ዘግተው መለሱላት። ከዚያ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደው የገቢ ደብዳቤ መዝገብ እንዲያሳዩአቸው ጠየቁ። ደብዳቤውን አልጠየቁም፤ ደብዳቤ ላይ ያለ ቀን እንደ ጸሐፊው ነው። መዝገብ ግን ከላይና ከታች ሌሎች ደብዳቤዎች አሉበት፤ መሐል ገብቶ መዋሸት አይቻልም። ማስታወቂያው ገረሴ የደረሰው ምዝገባው በተዘጋ በአራተኛው ቀን ነበር። ከተመረጡት ሁለት ሰዎች አንደኛው ደግሞ ገጠር ቀበሌ አንድም ቀን ያልሠራ የባለሥልጣን የቅርብ ዘመድ ሆኖ ተገኘ።

ኮሚቴው በጠራው የማብራሪያ መድረክ ላይ ምርጫውን ያካሄደው መሥሪያ ቤት ኃላፊ «ማስታወቂያው ለሁሉም ወረዳ በወቅቱ ተሰራጭቷል» ሲሉ፣ የያኔዋ ሰብሳቢያችን የመዝገቡን ቅጂ ፊታቸው አስቀመጡና «በወቅቱ ማለት መቼ ነው?» አሉ። ኃላፊው ውሃ ጠጡ። ውድድሩ ተሰረዘ፣ እንደገና ተካሄደ፣ ምሕረት አንደኛ ወጥታ ሄደች። በሥራ ዘመኔ ምክር ቤት ጥርስ እንዳለው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጋሽ ጳውሎስ ጡረታ ወጡ። ሰብሳቢዋም በሌላ ተተኩ። አዲሱ ሰብሳቢ አቶ ግርማ ይባላሉ፤ ትሑት፣ ሰው አክባሪ፣ ለሁሉም የሚመች ሰው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እጠነቀቅ ነበር።

ምሕረት ተምራ ስትመለስ ምዕራብ ዓባያ ተመደበች። ከደጋው የሚወርደው ወንዝ እዚያ ሜዳውን ያገኛል፤ ሲሞላ ሙዙንም በቆሎውንም ጠርጎ ዓባያ ሐይቅ ይከታል። አንድ ጊዜ ክፉኛ ሞልቶ የወንዙ ዳር ሰዎች ሸሽተው ከፍ ወዳለው ቦታ ሰፍረዋል። ከዚያ በኋላ በውጭ መንግሥት የአየር ንብረት እርዳታ አንድ ፕሮጀክት መጣ። ውሉ ሁለት ሥራ ነበረው፤ ላይ ደጋው ላይ እርከን፣ ታች ወንዙ ዳር ግንብ። ግንቡ በሽቦ መረብ የታጨቀ ድንጋይ ነው፣ ጋቢዮን የሚሉት።

ኮሚቴው ሊጎበኝ ወረደ። መኪናው ግንቡ ሥር ድረስ ገባ፤ «አቁም» የሚል ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ በድምፅ ማጉያ አብራራልን፣ ፎቶ ተነሣን። ያ ፎቶ ነው በኋላ ባሕር ማዶ የሄደው።

አባላቱ ለምሳ ሲገቡ ምሕረት እጄን ይዛ ወደ ግንቡ ወሰደችኝ።

«እትዬ አስቴር፣ ይኼን ይዩልኝ» አለችና በብረት ዘንግ ከግንቡ ግርጌ ወጋችው። ዘንጉ ገባ። ገፋችው፣ አሁንም ገባ። «አሸዋ ነው። መሠረት አልቆፈሩም። ድንጋዩ አሸዋ ላይ ነው የተቀመጠው።»

«እርከኑስ?»

«ሄጄ አየሁት። ከመንገዱ የሚታየው ተሠርቷል። ከጉብታው ወዲያ ያለው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። የበልግ ዝናብ አንዴ በርትቶ ከጣለ ይኼ አይቆምም። ለአስተባባሪው ሦስት ጊዜ ነገርኩት። ‹በጽሑፍ አታምጪ› አለኝ።»

በማስታወሻዬ ጻፍኩት። በስተግራ፣ ዘንጉ መግባቱን። በስተቀኝ፣ የተናገረችውን ቃል በቃል። ቢሮ ተመልሼም ሪፖርቱ ላይ እንዲህ አልኩ፤ «ግንቡ መሠረት የለውም። ተቋራጩ አሸዋ ላይ አስቀምጦታል። ጎርፍ ከመጣ ይፈርሳል።»

አቶ ግርማ አስጠሩኝ። ረቂቁ ጠረጴዛቸው ላይ ነው።

«ወይዘሮ አስቴር፣ ይቀመጡ። ሪፖርቱ በጣም ጥሩ ነው» አሉ። «ይቺ ዓረፍተ ነገር ብቻ ትንሽ ከረረች። በሚቀጥለው ሳምንት የለጋሾቹ ቡድን ይመጣል፤ ከዚያ የእኛ ልዑክ ፕሮጀክቱን ይዞ ጉባኤ ይሄዳል። ይኼ ከወጣ ሁለተኛው ምዕራፍ ይቀራል። ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ ያልተሠራውን የሚሠራው ነው። እኛው በእጃችን ገበሬውን ባዶ ልናስቀር?»

«ግንቡ ግን አሸዋ ላይ ነው» አልኩ።

«አውቃለሁ። ይሰረዝ አላልኩም። በአግባቡ ይገለጽ ነው የምለው።»

ክርክሩ እውነት ይመስላል። የሚያናድደኝ ይኸው ነው፤ ዛሬም ሳስበው እውነት ይመስላል። አላስፈራሩኝም፣ አልጮኹብኝም። ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና «በመሠረት ሥራው ላይ ውስን ክፍተት የሚታይ ሲሆን፣ በቀጣይ ምዕራፍ የሚስተካከል ይሆናል» ብዬ ጻፍኩ። በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ሰዓት አልፈጀም። ሻዬ እንኳ አልቀዘቀዘም ነበር።

ለጋሾቹ መጡ፣ አነበቡ፣ ሄዱ። ልዑኩም ሄደ። ያላሰብኩት ነገር ግን ሪፖርቱ ወደ ታችም እንደሚወርድ ነው። በቀበሌ ስብሰባ ላይ «ምክር ቤት መጥቶ አይቷል፣ አረጋግጧል» ተብሎ ተነገረ። ከፍታው ላይ ሰፍረው የነበሩ ሰዎች፣ መሬታቸው ታች ነውና፣ ይህን ሰምተው አንድ በአንድ ወደ ወንዙ ዳር ተመለሱ። ቤት ሠሩ።

በልግ ገባ። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ምዕራብ ዓባያ ላይ ፀሐይ ሳለ፣ ደጋው ላይ ዝናብ በርትቶ ጣለ። ውሃው ሲደርስ ግንቡ አንድ ላይ ተገለበጠ፤ ድንጋዩ እንደታጨቀ ከነሽቦው። ሙዙና በቆሎው ሄደ። ቤቶች ሄዱ። አማረች የምትባል ሴት ልጆቿን ይዛ ወደ ከፍታው ስትሮጥ ባሏ የታሰረውን በሬ ሊፈታ ተመለሰ። በሬው ተገኘ። ባሏ በሦስተኛው ቀን ሐይቁ ዳር ተገኘ።

ዜናውን የሰማሁት ቢሮ ነው። ምን እንደተሰማኝ ለመግለጽ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም። ብቻ ተነሥቼ ፋይሉን ከመደርደሪያ አወረድኩና ያቺን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። «የሚስተካከል ይሆናል።» ማን ነው የሚያስተካክለው? አልጻፍኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አጣሪ ቡድን ተቋቋመ። ጥፋተኛም ቶሎ ተገኘ፤ ምሕረት። በቦታው የነበረች ባለሙያ ሆና ሳለ በጽሑፍ አላስጠነቀቀችም ተባለ። ውጭ አገር ድረስ ተልካ የተማረች ባለሙያ፣ እንዴት አላየችም ተባለ። ከደመወዝና ከሥራ ታገደች።

ጋሽ ጳውሎስ ቤት ሄድኩ። ሴቻ ዳር ላይ ከምትገኝ ግቢያቸው ውስጥ የሙዝ ቅጠል እየቆረጡ ነበር። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ማጭዳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«እኔ ጋ የመጣሽው እንዳጽናናሽ ነው ወይስ ምን እንደምታደርጊ ልትጠይቂኝ?»

«ሁለቱንም» አልኩ።

«ማጽናናቱን ባለቤቴ ትችልበታለች፤ ቤት ውስጥ ናት። እኔ አልችልም። ያጠፋሽው ጥፋት ነው።»  ከዚያ «ማስታወሻው የት አለ?» አሉ።

«ቤቴ ነው።»

«እንግዲያውስ ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ?»

የአጣሪ ቡድኑ ግኝት በመድረክ በሚሰማበት ቀን እንደ ወትሮዬ ቃለ ጉባኤ ልይዝ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ምሕረት ብቻዋን መሐል ላይ ተቀምጣለች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ። አስተባባሪው ተነሥቶ «ባለሙያዋ አንድም ጊዜ ስጋት አላቀረበችም» አለ። ያኔ ተነሣሁ። የጽሕፈት ሠራተኛ በመድረክ አይናገርም። በሠላሳ ምናምን ዓመት አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም።

«ወይዘሮ አስቴር» አሉ አቶ ግርማ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «እርስዎ ጸሐፊ ነዎት። ቢቀመጡ?»

«ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው። የጻፍኩትን ላነብ ነው።»

አነበብኩ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ዘንጉ የገባበትን፣ «በጽሑፍ አታምጪ» የተባለውን። የመጀመሪያውን ረቂቅም አነበብኩ። ከዚያ የተስተካከለውን። «የቀየርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እንድቀይረው የጠየቁኝ ሰብሳቢው ናቸው። እሺ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ይህች ልጅ አይታለች፣ ተናግራለች። የደበቅነው እኛ ነን።»

 ምሕረት ቀና ብላ አየችኝ፤ አስተያየቷ ምስጋና አልነበረበትም፤ እንዲኖርበትም አልጠበቅኩም።

እንዴት ሆነ ለሚል፣ እንዲህ ሆነ። ምሕረት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አስተባባሪው ወደ ሌላ ፕሮጀክት ተዛወረ። አቶ ግርማ ከፍ ወዳለ ወንበር ተዛወሩ፤ ሲያገኙኝ አሁንም ባርኔጣቸውን አንሥተው ነው ሰላም የሚሉኝ። እኔ መዝገብ ቤት ተመደብኩና እስከ ጡረታዬ አቧራ አራገፍኩ። አልከፋኝም፤ ይገባኝ ነበር። የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። አገር ለአገር የሚሰጥ እርዳታ ከሰው ግብር የተሰበሰበ ነው፣ የሚቀበለውም ሰው ነው፤ ከሁለቱ መሐል የተቀመጥነው እኛ ተመልካቾቹ ካላየን ማን ያያል? እናያለን ብለን ምለን ነው ደመወዝ የበላነው። አይተን «ክፍተት» አልን። በክፍተት ውስጥ ሰው ያልፋል እኮ።

ባለፈው ሳምንት ምዕራብ ዓባያ ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያው በእግር ወረድኩ። አማረችን ከፍታው ላይ በሠሩት መንደር በቆሎ ስትፈለፍል አገኘኋት። ማን እንደሆንኩ በጋምኛ ነገርኳት። ለምን እንደመጣሁም ነገርኳት። መድረክ ላይ ለትልልቅ ሰዎች የተናገርኩትን ለእሷ ግን ተናግሬው አላውቅም ነበር።

መፈልፈሏን አላቆመችም።

«ያ ወረቀት ተነቦልን ነው የወረድነው» አለች በመጨረሻ። «እሱ ‹ትንሽ እንቆይ› ብሎ ነበር። ‹ምክር ቤት አይቶታል፣ ምን ትጠብቃለህ?› ያልኩት እኔ ነኝ።»

 ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት፤ ቃሉ አፌ ላይ ትንሽ ሆነብኝ። ብቻ «ጥፋቱ የኔ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም» አልኳት።

«እሱን አውቃለሁ» አለች። በእጇ የያዘችውን በቆሎ ወደ ጎን አደረገች። «ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዎች መጥተው ወረቀት አንብበውልናል። ‹የሰው ሕይወት ጠፍቷል› ይላል። የማን እንደሆነ አይልም። እርስዎ ጸሐፊ ነኝ ብለዋል። ይጻፉት።»

ከቦርሳዬ ደብተር አወጣሁ። የባሏን ስም ቤቷን ካሳዩኝ ጎረቤቶች ሰምቼ ነበር። ጻፍኩ።

«ምን ብለው ጻፉ? ያንብቡልኝ።»

በጋምኛ አነበብኩላት፤ «ዮሐንስ ዳና፣ የምዕራብ ዓባያ ገበሬ፣ የአማረች ባል፣ ግንቡ ስለፈረሰ ሞተ። ግንቡ እንደሚፈርስ እናውቅ ነበር።»

ስሙን ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ።

«ዳና አያቱ ናቸው» አለችኝ። «አባቱ ዳልጋ ነው የሚባሉት።»

ሰርዤ አስተካከልኩት።